እስከ አስር ሰዓት

«እስከ አስር ሰዓት ድረስ ቤት ድርሽ አትልም። ገበያውን አዞራታለሁ፣ ምሳ አበላታለሁ፣ ከዚያ አሳንሰሩ ላይ ይዣት እወጣለሁ። እዚያ ከወጣች ሰዓቱን ትረሳዋለች።»

ወይዘሮ አርዲስ ይህን የሰሙት ቅዳሜ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ፣ የጓሮው ደረጃ ላይ ተቀምጠው፣ ጋዜጣቸውን ጭናቸው ላይ ዘርግተው እርሳስ ሲቀርጹ ነው። በላያቸው ያለው የወጥ ቤት መስኮት ገርበብ ብሏል። ልጃቸው ግሬቸን ከውስጥ ሆና፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ፊኒክስ ከሚኖረው ወንድሟ ከዱዌን ጋር በስልክ ታወራለች። እዚያ ገና አልነጋም፤ ዱዌን ደግሞ ከልጅነቱ ጀምሮ እንቅልፍ የሚወድ ሰው ነው። በዚህ ሰዓት ከተነሣ ነገሩ ሲመከርበት የቆየ እንደሆነ ለአርዲስ ገባቸው። «ቁልፉን ለፖውላ ሰጥቻታለሁ፤ ሰዎቹ ስምንት ሰዓት ላይ መጥተው ያዩታል» አለች ግሬቸን። «የሚሰጡትን ዋጋ ከያዝን በኋላ ነገ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እንነግራታለን። አንተም በስልክ ትገባለህ።» ፖውላን ዱቢዩክ ውስጥ የማያውቃት የለም። ፎቶዋ አውቶቡስ መጠበቂያ ወንበሮች ሁሉ ጀርባ ላይ ተለጥፎ ይስቃል። ቤት አሻሻጭ ናት።

አርዲስ እርሳሱን መቅረጻቸውን አላቆሙም። ጫፉ ሹል ሆነ፣ ተሰበረ፣ እንደገና ሹል ሆነ። ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ በዚህ ቤት አርባ ዘጠኙን ኖረዋል። ያለ እሳቸው ፊርማ ቤቱ እንደማይሸጥ ያውቃሉ፤ ልጆቻቸውም ያውቃሉ። የልጆቹ ሐሳብ ሌላ ነው፦ ገዢውን፣ ዋጋውንና እናታቸው የሚገቡበትን ቦታ ሁሉ አሰናድተው ከጨረሱ በኋላ ለእሳቸው ብዕሩን ብቻ ማቀበል። ከተቀመጡበት ተነሥተው የጓሮውን በር ከፈቱና በኃይል ዘጉት፤ የገቡ መሆናቸው እንዲሰማ። ወጥ ቤት ሲደርሱ ግሬቸን ስልኩን ኪሷ ውስጥ ከትታ እንቁላል እየጠበሰች ነበር።

በየዓመቱ የጁን ወር የመጀመሪያ ቅዳሜ ከተማው ሁሉ ትርፍ ዕቃውን ጋራዡ ደጃፍ ላይ አውጥቶ ይሸጣል። የዚያን ቀን ጉዞ ለአርባ ዓመት ያቀዱት አርዲስ ናቸው። ዓርብ ማታ ጋዜጣው ላይ ማስታወቂያዎቹን በእርሳስ ይከብባሉ፤ መጀመሪያ ኮረብታው ላይ ያሉት ትልልቅ ቤቶች፣ ሳህንና ብርጭቆ ሳያልቅ፤ ቀጥሎ የቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት፣ ለአንሶላና ለመጋረጃ፤ ከምሳ በኋላ ደግሞ ወንዙ ዳር ያለው ሰፈር፣ ሻጮቹ ደክሟቸው ዋጋውን በግማሽ የሚጥሉበት። በመሀል አንድ የሚታይ ቦታ አይጠፋም፤ ወይ መናፈሻው ገደል አፋፍ ላይ ሆኖ ጀልባዎች በግድቡ ሲያልፉ ማየት፣ ወይ አሳንሰሩ። ግሬቸን ከልጅነቷ ጀምሮ በዚህ ቀን እያጉረመረመች ነበር የምትጎተተው። ዘንድሮ ግን ትናንት ማታ ከምትኖርበት ከሲደር ራፒድስ ስትመጣ ዕቅዱን ራሷ አዘጋጅታ፣ በኮምፒውተር አሳትማ፣ ከየአድራሻው ጎን ሰዓት ጽፋበት አመጣች። አርዲስ ደስ ብሏቸው አድረው ነበር። አሁን ወረቀቱን ከማቀዝቀዣው በር ላይ አንሥተው መነጽራቸውን አድርገው አዩት። ስምንት ቤቶች ናቸው። ስምንቱም ከዚህ ሰፈር ሩቅ ናቸው።

«ይሄን የአጠገባችንን ግራንድቪው መንገድ አላስገባሽውም» አሉ።

«ዘንድሮ እዚያ ብዙም የለም አሉ፣ እማዬ።»

«እነማን ናቸው ያሉሽ?»

«ኢንተርኔት ላይ አይቼ ነው። እንቁላልሽ ሳይቀዘቅዝ ብዪ።»

አርዲስ በሉ። ለምን ዝም እንዳሉ በኋላ ራሳቸውንም ጠይቀዋል። አንደኛው ምክንያት ልጅቷ የት ድረስ እንደምትሄድ ማየት ፈልገው ነው። ሁለተኛው፣ እውነቱን ለመናገር፣ ቀኑን ወደዱት። ከልጃቸው ጋር ሙሉ ቀን ከዋሉ ቆይቷል፤ ውሸትም ቢሆን ቀኑ ቀን ነው። ሳንቲም የሞላበትን የጨርቅ ቦርሳቸውን ይዘው፣ ቡናውን ፔርሙዝ ውስጥ ገልብጠው፣ መኪናው ውስጥ ገቡ።

ግሬቸን በዚያ ጠዋት እንደሆነችው ደግ ሆና አታውቅም። የመኪናውን በር ትከፍታለች፣ ክንድ ትይዛለች፣ ዕቃ ትሸከማለች። በመጀመሪያው ቤት ባለ አበባ የሸክላ ሳህን ስድስቱ በሦስት ዶላር ነበር፤ አርዲስ ገና ሳያነሡት ግሬቸን ከፈለች። በሁለተኛው ቤት አንድ ብልቃጥ ሙሉ ቁልፍ፣ የልብስ ቁልፍ ነው፣ ሁለት ዶላር፤ እሱንም ከፈለች። አርዲስ በዚህ ገበያ የታወቁ ሰው ናቸው። ዋጋ የሚያስቀንሱት በመለመን ወይም በማጣጣል ሳይሆን ዝም በማለት ነው። ዕቃውን ይዘው ይቆማሉ፣ ሻጩን ያያሉ፣ ምንም አይሉም፤ ሻጩ ዝምታው ሲከብደው ራሱ ይቀንሳል። ዛሬ ግን ይህን ለማድረግ ፋታ አላገኙም። ሦስተኛው ቤት ላይ ከድሮ ጎረቤታቸው ጋር ተገናኝተው ስለ ዝናቡ፣ ስለ ቲማቲም ችግኝና ስለ ጉልበት ሕመም ሲያወሩ ግሬቸን ከኋላ ሆና ሰዓቷን ሁለት ጊዜ አየች። ጎረቤቲቱ «ምን ዓይነት የተባረከች ልጅ ናት ያለችሽ» አለች። «አዎ፣ ታስብልኛለች» አሉ አርዲስ። ግሬቸን ሳህኖቹን ወደ መኪናው ይዛ ሄደች።

አምስተኛው ቤት ጃክሰን መንገድ ላይ ነው፤ ነጭ ቀለሙ የተላላጠ ጠባብ ቤት። ጋራዡ ውስጥ ሁሉ ነገር ተደርድሯል፤ መጥበሻ፣ የዓሣ መንጠቆ፣ የገና መብራት፣ የሴት ኮት። አርዲስ እንዲህ ያለውን ሽያጭ ገና ከመንገድ ሲያዩ ይለዩታል። ትርፍ ዕቃ የሚሸጥ ሰው ኮት አይሸጥም። ወገቡ ላይ የሳንቲም መያዣ የታጠቀ አምሳ ዓመት የሚሆነው ሰው ደንበኞችን ያስተናግዳል። ከጋራዡ ጥግ፣ እግር ማንሻ ባለው አረንጓዴ የቆዳ ወንበር ላይ፣ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። ወንበሩ ክንድ ላይ፣ ከእጃቸው አጠገብ፣ ብጫ ወረቀት ተለጥፏል። ሃያ ዶላር ይላል።

ግሬቸን አላስተዋለችም። ወይም ያስተዋለችው ወንበሩን ብቻ ነው፤ ለሳሎኗ እንዲህ ያለ ስትፈልግ ከርማለች። «ይሄ ይሠራል?» ብላ ሰውየውን ጠየቀችው።

«ይሠራል እንጂ። አባዬ፣ እስቲ ተነሥ፣ ሴትየዋ ትየው።»

ሽማግሌው ጠረጴዛውን ደገፍ ብለው ተነሡ። ከተነሡ በኋላ የሚቆሙበት ቦታ አላገኙም፤ በስተቀኝ መጥበሻዎቹ ናቸው፣ በስተግራ ኮቶቹ። እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ፣ አወጡ። ግሬቸን ተቀመጠችና ማንሻውን ሳበችው፤ እምቢ አላት።

«ትንሽ ይይዛል» አሉ ሽማግሌው። «መጀመሪያ ወደ ግራ ገፋ አድርጊው። እንደሱ። አየሽ፣ ከለመድሽው አያስቸግርም።»

አርዲስ ጠጋ አሉ። ሰውየውን አያውቋቸውም፤ በዚህ ዕድሜ ያለ ሰው ግን እርስ በርሱ እንግዳ አይደለም። «ወዴት ሊሄዱ ነው?» አሏቸው።

«ወንዙ ማዶ ነው፣ ልጄ ቤት አጠገብ። ስሙን ነግረውኝ ነበር። ሐሙስ ነው የሚወስዱኝ።»

«ቦታውን አይተውታል?»

«ፎቶውን አሳይተውኛል። ንጹሕ ነው።» ሽማግሌው ልጃቸው እንዳይሰማ ሳይሆን እንዲሰማ በሚመስል ድምፅ ቀጠሉ። «በጣም ጥሩ ልጆች ናቸው። ምንም አላስቸገሩኝም። ሁሉን ነገር ራሳቸው ከጨረሱ በኋላ ነው የነገሩኝ።»

ግሬቸን ከወንበሩ ተነሣች። ማንሻውን መልሳ ለማስገባት ሁለት ጊዜ ሞከረች፣ ሽማግሌው ጎንበስ ብለው ረዷት። «መኪናችን ውስጥ አይገባም» አለች ለሰውየው፣ ፊቱን ሳታይ። አርዲስ «ይቀመጡ እንጂ» አሏቸው። ሽማግሌው መጀመሪያ ወደ ልጃቸው አዩ። ከዚያ ተቀመጡ።

ከዚያ ወዲያ ሌላ ቤት አልሄዱም። ዕቅዱ ላይ ሦስት ይቀሩ ነበር፤ ግሬቸን ሞተሩን አስነሥታ «ርቦሻል?» አለች፣ አርዲስም «እንብላ» አሉ። አንዲት ትንሽ ምግብ ቤት ገብተው ተርኪ ከሚባለው ትልቅ ወፍ ሥጋ የተሠራ ሳንድዊች በሉ፤ የዚህ ከተማ ዓይነት፣ ስጋው ከዳቦ ፍርፋሪ ጋር ታሽቶ የሚሠራው። ግሬቸን ግማሹን አስተረፈች። አርዲስ የሚያውቋት ልጅ ምግብ የምታስተርፍ አይደለችም፤ ግን አሁን ሲያዩዋት ፊቷ ቀጥኗል፣ ከጆሮዋ በላይ ያለው ፀጉሯ ነጥቷል። ሃምሳ አንድ ዓመቷ ነው። መቼ እንዲህ ሆነች ብለው አሰቡ። ከፋሲካ ወዲህ ነው? ወይስ እሳቸው ሳያዩ?

አሳንሰሩ ስሙ አሳንሰር ይሁን እንጂ በሐዲድ ላይ የምትሄድ የእንጨት ሣጥን ናት። አንዷ በገመድ ተጎትታ ገደሉን ስትወጣ ሌላዋ ትወርዳለች፣ መሀል ላይ ይተላለፋሉ። ውስጧ እንደ ደረጃ የተሠሩ አግዳሚዎች አሉ። እናትና ልጅ ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ ሌላ ሰው አልነበረም። ገመዱ ተሳበ፣ ሣጥኗ ነቅነቅ ብላ መውጣት ጀመረች፣ የታችኛው ከተማ ጣሪያና የጡብ ጭስ ማውጫ ከእግራቸው ሥር ራቀ። አርዲስ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ዝም አሉ። ልጃቸውን አዩ። ምንም አላሉም። ይህን ዝምታ ግሬቸን በብዙ ጋራዥ ደጃፍ ላይ ቆማ ስታየው ያደገች ናት፤ ምን እንደሚያደርግ ታውቃለች። ቢሆንም አልቻለችውም።

«ጠዋት ጓሮ ነበርሽ» አለች።

«ደረጃው ላይ።»

«ሰምተሽኛል።»

«ስንት ሰዎች ናቸው?»

«ባልና ሚስት። ሁለት።»

ከላይ የምትወርደዋ ሣጥን አጠገባቸው አለፈች፤ ባዶ ነበረች። ጫፍ ላይ ሲደርሱ ወርደው አጥሩን ተደግፈው ቆሙ። ወንዙ ከሥር ሰፊና ቡናማ ሆኖ ይታያል፤ ማዶው ኢሊኖይ፣ ወደ ላይ ዊስኮንሲን። አንድ ሽማግሌና አሮጊት ለልጅ ልጃቸው ሦስቱን ክፍለ ግዛቶች በጣት እያሳዩ ነበር። ግሬቸን እነሱ እስኪሄዱ ጠበቀች።

«እማዬ፣ ወድጄ መሰለሽ? ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ስደውልልሽ ስልኩ ሦስቴ ጠርቶ ካላነሣሽ የመኪናዬን ቁልፍ እይዛለሁ። ቢሮ ውስጥ በር ዘግቼ ነው የምደውልልሽ። በየካቲት ከወደቅሽ ጀምሮ እንደዚህ ነው። ዱዌን እሁድ እሁድ ‹ምን ወሰንሽ?› ይለኛል። እሱ ፊኒክስ ተቀምጦ ‹ምን ወሰንሽ?›። አንቺን ብጠይቅሽ ደግሞ መልስሽን አውቀዋለሁ።»

«ምንድን ነው መልሴ?»

«እምቢ ነዋ።»

«አዎ፣ እምቢ እል ነበር» አሉ አርዲስ። «እሱ እንኳ ይቅርብኝ? እምቢ ለማለትም መጀመሪያ መጠየቅ ያስፈልጋል።»

ከታች አንድ ረጅም የእህል ጀልባ ወደ ግድቡ ቀስ ብሎ ይጠጋል። ሌላ ጊዜ ቢሆን አርዲስ የግድቡ በር ተዘግቶ ውሃው ሞልቶ ጀልባው ከፍ እስኪል ሳያዩ ከዚህ አይነቃነቁም ነበር።

«ሰዓት ስንት ነው?» አሉ።

«ሰባት ከሩብ።»

«እንደርሳለን።»

የፖውላ መኪና ከቤቱ ፊት ለፊት ቆሟል። አርዲስ በገዛ በራቸው ሲገቡ መጀመሪያ ያዩት ደጃፉ ላይ ጎን ለጎን የወለቁ ሁለት ጥንድ ጫማዎች ነው፤ አንዱ የወንድ ትልቅ የሥራ ጫማ፣ አንዱ የሴት ነጭ ሸራ። ምንጣፋቸውን እንዳያቆሽሹ አውልቀው ነው የገቡት። ባይሆን ኖሮ፣ ሲሉ ኋላ ተናግረዋል፣ ምናልባት ይቆጡ ነበር። ሳሎን ውስጥ ፖውላ በመንገዱ ወንበሮች ላይ እንዳለው ፎቶዋ መሳቅ ጀምራ አቋረጠች፣ ወደ ግሬቸን አየች። ሚስቲቱ ገና ከሥራ የወጣች ነርስ ናት፤ የሆስፒታል ልብሷን አልቀየረችም። ባሏ እጆቹን ከኋላው አጣምሮ፣ ቤተ ክርስቲያን እንደገባ ሰው፣ ምንም ሳይነካ ቆሟል።

«አርዲስ እባላለሁ፤ ቤቱ የኔ ነው» አሏቸው። «ዛሬ የሚሸጥ አይደለም። ግን ከመጣችሁ አይቀር እኔው ላሳያችሁ።»

«ይቅርታ ያድርጉልን» አለች ነርሷ፣ ፊቷ ቀልቶ። «የሚያውቁ መስሎን ነው። ሬኒ እባላለሁ።»

«ጥፋቱ ያንቺ አይደለም፣ ልጄ። ነይ።»

ክፍል በክፍል ወሰዷቸው። የሰሜኑ መስኮት ክረምት ላይ ብርድ እንደሚያስገባ፣ የመታጠቢያ ቤቱ ቧንቧ ባለቤታቸው ሜርሊን በሕይወት ሳሉ ሁለት ጊዜ እንደቀየሩት፣ ሰገነቱ ላይ ባለው ክፍል ውስጥ ዱዌን ግድግዳውን በቡጢ የመታበት ምልክት ከስዕሉ ሥር እንዳለ ተናገሩ። ፖውላ መሀል እየገባች «በጣም ጠንካራ ቤት ነው» ትላለች፤ አርዲስ «ጠንካራ ነው፤ ሚያዝያ ላይ ግን ምድር ቤቱ ውሃ ይገባዋል» ይላሉ። በመጨረሻ የምድር ቤቱን በር ከፍተው መብራቱን አበሩና ከደረጃው አናት ላይ ቆሙ።

«ከላይ አምስተኛው ደረጃ ጠርዙ ተበልቷል» አሉ ለሬኒ። «ቤት ሲሸጥም ሲገዛም ይሄ መነገር አለበት። በየካቲት እዚያ ላይ ተንሸራትቼ እታች ወደቅሁ። ከጠዋቱ አንድ ተኩል ገደማ ነበር። ዳሌዬ አልታዘዝ ብሎኝ መነሣት አልቻልኩም። እየተሳብኩ የወጣሁት ስድስት ሰዓት ሲሆን ነው።»

ግሬቸን ከኋላቸው፣ ወጥ ቤቱ ውስጥ ቆማ ነበር። «አስር ደቂቃ ነው ያልሽኝ» አለች።

አርዲስ አልዞሩም። ለነርሷ ማውራታቸውን ቀጠሉ፤ ለእንግዳ ሰው መናገር ይቀል ነበርና። «ስልኩ እዚያ ግድግዳ ላይ ነው። ከታች ሆኜ ሲጮህ እሰማዋለሁ። ሁለት ሰዓት ላይ ጠራ፤ አሥራ አንድ ጊዜ ቆጠርኩ። ሦስት ሰዓት ላይ ጠራ። አራት ሰዓት ላይም። ልጄ እንደሆነች አውቃለሁ። ‹አለሁ፣ አለሁ› እላለሁ፣ ማን ይስማኝ።»

ሬኒ እጇን በአርዲስ ክንድ ላይ አሳረፈች፤ የሥራዋ ልማድ ይሆናል፣ ጣቷ ደም ሥር ላይ ነበር። ባልና ሚስቱ ብዙ ሳይቆዩ ጫማቸውን አድርገው ሄዱ። ከመሄዳቸው በፊት አርዲስ የባልና ሚስቱን ስልክ ቁጥር በገዛ እጃቸው ጋዜጣው ጠርዝ ላይ ጻፉ። ፖውላን ቁልፋቸውን ጠየቋት፤ ከመያዣው ፈታ ሰጠቻቸው።

በሩን ዘግተው ሲመለሱ ወጥ ቤቱ ባዶ ነው። «ግሬቸን» ብለው ተጣሩ። መልስ የለም። መኪናዋ ደጅ ቆሟል። ሳሎን አዩ፣ ሰገነቱን ወደ ላይ ተጣሩ፣ የጓሮውን በር ከፍተው አዩ። «ግሬቸን» አሉ እንደገና። ቤቱ ጸጥ አለ፤ የማቀዝቀዣው ድምፅ ብቻ። ስልኩ ዳር፣ ግድግዳውን ይዘው ቆሙ። የምድር ቤቱ በር እንደተከፈተ ነው፤ መብራቱ ግን ጠፍቷል።

«ልጄ፣ እዚያ ነሽ?»

ጥቂት ቆይቶ ከሥር «አለሁ፣ እማዬ» የሚል ድምፅ መጣ።

መብራቱን አበሩት። ግሬቸን የመጨረሻው ደረጃ ላይ፣ ሲሚንቶው ጋ፣ ጉልበቷን አቅፋ ተቀምጣለች። ፊቷን አላዞረችም። «ከዚህ ሲሰማ እንዴት እንደሆነ ልስማው ብዬ ነው» አለች። «ያን ቀን ስብሰባ ነበረኝ። ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች አልኩ። ጎረቤት ጋ መደወል ነበረብኝ፤ ስብሰባው ሊያልፈኝ ነው ብዬ አልደወልኩም። ከዚያ አስር ደቂቃ ስትዪኝ፣ ተመስገን አልኩ።»

አርዲስ የእጅ መደገፊያውን በሁለት እጃቸው ይዘው መውረድ ጀመሩ። ግሬቸን ልትነሣ ስትል «ተቀመጪ» አሏት። አምስተኛውን ደረጃ ዘለው፣ አንድ በአንድ ወርደው አጠገቧ ተቀመጡ። ሲሚንቶው ቀዝቃዛ ነው፤ ቤቱ የውሃና የድሮ ድንች ሽታ ይሸታል። ማን ማንን ይቅርታ እንደሚጠይቅ ግልጽ አልነበረም፤ ማንም አልጠየቀም።

«በዚህ ደረጃ ሌላ ክረምት አልችልም» አሉ በመጨረሻ አርዲስ። «እኔም አውቀዋለሁ። ከየካቲት ጀምሮ አውቀዋለሁ። ከአፌ እንዲወጣ ነው ያልፈለግሁት።»

ግሬቸን በእጇ ጀርባ ፊቷን ጠረገች። ተነሥታ እናቷን አስነሣች። ሲወጡ አርዲስ ከፊት፣ እሷ ከኋላ አንድ ደረጃ ዝቅ ብላ፣ እጇን ሳትነካቸው ከወገባቸው አጠገብ ዘርግታ ተከተለቻቸው።

ወጥ ቤት ደርሰው አርዲስ ወንበር ስበው ከስልኩ ሥር ተቀመጡ፣ ትንፋሻቸው እስኪመለስ ጠበቁ። ግሬቸን የራሷን ስልክ ከኪሷ አውጥታ «ልደውልለት?» አለች።

«ተይው። እኔ ነኝ የምነግረው። መቼ እንደምሸጥም፣ ለማን እንደምሸጥም፣ የት እንደምገባም። ቦታዎቹን በዓይኔ አያለሁ፣ መኪናውን አንቺ ትነጃለሽ። እሱ ያዳምጣል።»

የዱዌንን ቁጥር በቃላቸው ያውቁታል። ግድግዳው ላይ ካለው ስልክ ቀፎውን አንሥተው ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ተጫኑ። ማዶ መጥራት ጀመረ። አርዲስ ወንበራቸው ላይ ፈቀቅ ብለው ለልጃቸው ቦታ ለቀቁላት፤ ግሬቸንም ጎንበስ ብላ ጠርዙ ላይ ተቀመጠች፤ እሳቸው ደግሞ እሷም እንድትሰማ ቀፎውን ከጆሯቸው ትንሽ አራቁት።